ሃያ ሰከንድ ከሺህ ሰዓት ውስጥ

በአዳራሹ ትልቅ ስክሪን ላይ ሃያ ሰከንድ የሚፈጅ ቪዲዮ ይታያል። ርዕስ የለውም፤ ማን እንደቀረጸው፣ የት እንደተቀረጸ የሚናገርም የለም። ከዚያ ሰዓት ቆጣሪው ይነሳል። ኮምፒውተራቸውን ከፍተው በየጠረጴዛው የተቀመጡት ተወዳዳሪዎች አምስት ደቂቃ አላቸው። በእነዚህ አምስት ደቂቃዎች ያቺን ሃያ ሰከንድ ከአንድ ሺህ ሰዓት በላይ ከሚሆን ቪዲዮ መሀል ነቅሰው ማውጣት አለባቸው።

ውድድሩ ቪዲዮ ብራውዘር ሾውዳውን ይባላል። የተጀመረው በ2012 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኦስትሪያዋ ክላገንፉርት ከተማ ነው። ከዚያ ወዲህ መልቲሚዲያን የሚያጠኑ ሰዎች በየዓመቱ ከሚያደርጉት ጉባኤ ጋር እየተጓዘ ሬይክያቪክ፣ ባንኮክ፣ ተሰሎንቄ፣ ዴጆን፣ በርገን ደርሷል። ተወዳዳሪዎቹ በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲሆኑ የሚፈልጉት ራሳቸው በሠሩት ሶፍትዌር ነው፤ ከባዝል፣ ከፕራግ፣ ከፒሳና ከደብሊን የሚመጡ ቡድኖች ለዓመታት ተፎካክረውበታል። የተጠራቀመ ምስልና ቪዲዮ እንዴት እንደሚፈለግ ማወቅ ለሚሻ ሰው ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም። እዚህ መድረክ ላይ ማሽኑ ብቻ አይፈተንም፤ ማሽኑን የሚያዘው ሰው ዓይንና ትዝታም አብሮ ይፈተናል።

የሚፈለግበት ክምችት ሰዎች ቪሜዮ በተባለው የቪዲዮ መድረክ ላይ ለማንም እንዲጠቅም ፈቅደው ከጫኑት የተሰበሰበ ነው። የመጀመሪያው ክፍል 7,475 ቪዲዮዎች አሉት፤ ርዝመታቸው ሲደመር አንድ ሺህ ሰዓት ግድም ይሆናል። አንድ ሰው በቀን ስምንት ሰዓት ያለ እረፍት ቢያይ ለመጨረስ 125 ቀን ይፈጅበታል። ከ2022 ጀምሮ 1,300 ሰዓት የሚሆነው ሁለተኛው ክፍል ተጨምሮበታል። እንደ ማንኛውም ሰው ስልክና ሃርድ ዲስክ ሁሉ፣ ውስጡ ያለው ነገር የተደበላለቀ ነው።

ለዚህም ነው ጉዳዩ የተመራማሪ ብቻ ያልሆነው። ሁላችንም ዛሬ በኪሳችን በሺዎች የሚቆጠር ፎቶ ይዘን እንዞራለን። የአክስት ልጅ ሠርግ ላይ የተነሳነውን አንድ ፎቶ ለማሳየት ሰው እየጠበቀን በጣት ወደ ላይ ወደ ታች ስንል የምናጠፋውን ጊዜ ማንም ያውቀዋል። ፎቶው አለ። የጠፋው መንገዱ ነው።

መንገዱ ለረጅም ዘመን ቃል ነበር። ኦቶ ቤትማን የተባለ ጀርመናዊ ይሁዲ በ1935 ከናዚዎች አምልጦ ኒውዮርክ ሲገባ ሻንጣዎቹን ሞልቶ የመጣው በምስል ነበር፤ ከዚያ ተነስቶ በዓለም ከታወቁት የፎቶ ማከማቻዎች አንዱን አቆመ። ክምችቱን በ1995 የቢል ጌትስ ኩባንያ ኮርቢስ ገዛው። ከአሥር ሚሊዮን በላይ የሆነው ፎቶና ኔጋቲቭ ኋላ ላይ ፔንሲልቬንያ ውስጥ በኖራ ድንጋይ ማዕድን ዋሻ፣ ከመሬት በታች በብርድ ክፍል እንዲቀመጥ ተደረገ። እንዲህ ባለ ቤት አንድ ፎቶ የሚገኘው በመዝገብ ካርዱ ላይ በተጻፈው ቃል ነው። ጸሐፊው «ፕሬዚዳንቱ ንግግር ሲያደርጉ» ብሎ ከመዘገበው፣ ከኋላ ቆሞ የሚያዛጋውን ሕፃን የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ካርዱ የሚጻፈው አንድ ጊዜ ነው፤ ጥያቄው ግን በየዘመኑ አዲስ ነው።

ኢንተርኔት ሲመጣም ነገሩ ብዙ አልተለወጠም። ጉግል በሐምሌ 2001 የምስል ፍለጋውን ሲከፍት የሚያነበው ምስሉን ሳይሆን በምስሉ ዙሪያ የተጻፈውን ጽሑፍ ነበር። የኩባንያው መሪ የነበሩት ኤሪክ ሽሚት ኋላ እንደጻፉት፣ አገልግሎቱን ካስጀመሩት ምክንያቶች አንዱ ጄኒፈር ሎፔዝ በ2000ው የግራሚ ሽልማት ላይ የለበሰችው አረንጓዴ ቀሚስ ነው። ሰው ሁሉ ቀሚሱን ማየት ፈልጎ ይጽፋል፤ ጉግል ግን የሚሰጠው የጽሑፍ ገጽ ብቻ ሆነ።

ምስሉን ራሱን ለማንበብ የተደረገው ሙከራ ቀደም ብሎ በ1990ዎቹ ተጀምሯል። አይቢኤም ካሊፎርኒያ በሚገኘው የምርምር ማዕከሉ ኪውቢክ የተባለ ሥርዓት ሠራ። ኪውቢክ ፎቶውን የሚያውቀው በቀለሙ፣ በገጽታው ሸካራነትና በቅርጹ ነው። ከእያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ ስንት ነጥብ ቀይ፣ ስንት ነጥብ ሰማያዊ እንደሆነ ይቆጥርና ውጤቱን ያስቀምጣል፤ ፈላጊው ቀለም መርጦ ሲሰጠው ቁጥሩ የሚቀራረበውን ያወጣለታል። የሴንት ፒተርስበርጉ ሄርሚታዥ ሙዚየም ድረ ገጹ ላይ ተጠቅሞበታል፤ ጎብኚው ባዶ ሰሌዳ ላይ የቀለም ቁራጮችን እየደረደረ ያንን የሚመስል ሥዕል ከሙዚየሙ ይፈልግ ነበር። የሥዕሉን ስም ሳያውቁ «ታቹ ወርቃማ፣ ላዩ ጥቁር» ብሎ መጠየቅ መቻል ለዚያ ዘመን ትልቅ ነፃነት ነበር።

ችግሩ ወዲያው ታየ። የምትጠልቅ ፀሐይ ለሚፈልግ ሰው ማሽኑ የቲማቲም ክምር ያመጣለታል። ሁለቱም ቀይ ናቸው፤ ማሽኑም አልዋሸም። ሰው ከምስል የሚረዳውና ማሽን ከነጥቦቹ የሚቆጥረው ተራርቀው ነበር። መስኩን ለሃያ ዓመት ያህል ያሠራውም ያስለቀሰውም ይህ ርቀት ነው።

ከመፍትሔዎቹ ሁሉ በጣም የምወደው በ2003 ከኦክስፎርድ የወጣው ነው። ዮሴፍ ሲቪችና አንድሩ ዚሰርማን አንድን ፊልም ወስደው እያንዳንዱን ፍሬም (ነጠላ ምስል) ወደ ትንንሽ ቁርጥራጮች በተኑት፤ የአንገትጌ ጥግ፣ የሰዓት ቁጥር ጫፍ፣ የመስኮት ማዕዘን። የሚመሳሰሉትን ቁርጥራጮች አንድ ላይ ሰበሰቡና ለእያንዳንዱ ስብስብ መለያ ቁጥር ሰጡት። ከዚያ በኋላ ፍሬሙ ልክ እንደ ጽሑፍ ገጽ ሆነ፤ መጽሐፍ ጀርባ ላይ እንዳለው ማውጫ የትኛው ቁርጥራጭ በየትኞቹ ፍሬሞች ላይ እንደሚገኝ መመዝገብ ተቻለ። ግራውንድሆግ ዴይ ከተባለው ፊልም ላይ ተመልካቹ ክራባቱን ወይም ሰዓቱን በመዳፊት ይከብበዋል፤ ያ ዕቃ የታየበት ቦታ ሁሉ በቅጽበት ይመጣለታል። ጽሑፍ ለመፈለግ በአሥርተ ዓመታት የተገነባው ዕውቀት ሁሉ በአንድ ጊዜ ለምስል ዋለ። ያንኑ ሕንፃ፣ ያንኑ የመጽሐፍ ሽፋን፣ ያንኑ ሐውልት ለማግኘት ይህ ሐሳብ ዛሬም ይሠራል። «ማንኛውም ውሻ» ብሎ ለሚጠይቅ ግን መልስ የለውም፤ የአንዱ ውሻ ጆሮ የሌላው ጆሮ አይደለምና።

ለዚያ ማሽኑ ብዙ ውሻ ማየት ነበረበት። ፌይ ፌይ ሊና ባልደረቦቿ በ2009 ይፋ ያደረጉት ኢሜጅኔት ይህን አሟላ። ከኢንተርኔት የተሰበሰበው ምስል እያደገ ሄዶ ወደ 14 ሚሊዮን ደረሰ፤ ከ20,000 በላይ በሆኑ ምድቦችም ተከፋፈለ። ምስል እያዩ «ይህ ነው፣ ይህ አይደለም» የሚሉት በአማዞን የትርፍ ሥራ መድረክ በኩል ከመላው ዓለም የተቀጠሩ ሰዎች ናቸው። በዚህ ክምችት ላይ በየዓመቱ ይደረግ በነበረው ውድድር በ2012 ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የመጡት አሌክስ ክሪዠቭስኪ፣ ኢልያ ሱትስኬቨርና ጄፍሪ ሂንተን በነርቭ መረብ የተሠራ ፕሮግራም አቀረቡ። ሁለተኛ የወጣው ቡድን ስህተቱ 26 በመቶ ሲሆን የእነርሱ 15 በመቶ አካባቢ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ በመስኩ ውስጥ የቀረ ሰው ሁሉ መንገዱን ቀየረ ማለት ይቻላል።

ቀጣዩ እርምጃ ምድቦቹንም ጣላቸው። ኦፕን ኤአይ በጥር 2021 ያወጣው ክሊፕ የተማረው ከኢንተርኔት በተለቀሙ 400 ሚሊዮን ጥንዶች ነው፤ እያንዳንዱ ጥንድ አንድ ምስልና አብሮት የነበረው ጽሑፍ ነው። ፕሮግራሙ ምስሉንም ጽሑፉንም ወደ ቁጥሮች ረድፍ ይለውጣል፤ በአንደኛው ዓይነቱ ረድፉ 512 ቁጥሮች አሉት። ሥልጠናው የሚያስተምረው አንድ ነገር ነው፦ አብረው የነበሩት ምስልና ጽሑፍ ቁጥራቸው እንዲቀራረብ፣ ያልነበሩት እንዲራራቅ።

መርካቶን የሚያውቅ ሰው ይህ አይከብደውም። በርበሬ ተራ፣ ሸማ ተራ፣ ምናለሽ ተራ። ነጠላ ሊገዛ የገባ እንግዳ የሱቁን ስም ባያውቅ እንኳ ሸማ ተራ ድረስ ይመሩታል፤ እዚያ ከደረሰ ከሱቅ ሱቅ ይላል፤ ጋቢውም፣ ቡሉኮውም፣ ነጠላውም እዚያው አጠገብ ለአጠገብ ነው። ክሊፕም ምስሎችን እንዲህ በተራ በተራ ያሰፍራቸዋል። ልዩነቱ ጥያቄውንም እዚያው ገበያ ውስጥ ቦታ መስጠቱ ነው። «ድልድይ ላይ ብስክሌት የምትነዳ ሴት» ብለው ሲጽፉ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል፤ መልሱ በዙሪያው ያሉት ምስሎች ናቸው። ክምችቱ ወደ ቢሊዮን ሲያድግ እያንዳንዱን መለካት ስለማይቻል መጀመሪያ ተራው ይገኝና ውስጡ ብቻ ይለካል። ፌስቡክ በ2017 ለማንም ክፍት አድርጎ የለቀቀው ፋይስ የተባለው መሣሪያ በስፋት ለዚህ ሥራ ይውላል።

ቪዲዮ ላይ ሲደርስ ሥራው ይበዛል። በሰከንድ 25 ፍሬም ቢባል አንድ ሰዓት ቪዲዮ 90,000 ምስል ነው፤ ሺህ ሰዓት 90 ሚሊዮን። ደግነቱ አብዛኛው ካለፈው ብዙ አይለይም። ስለዚህ ማሽኑ መጀመሪያ ካሜራው የተቆረጠበትን ቦታ ይፈልግና ቪዲዮውን በየሾቱ ይከፋፍለዋል፤ ከእያንዳንዱ ሾት አንድ ሁለት ወካይ ፍሬም ይመርጣል። የውድድሩ የመጀመሪያ ሺህ ሰዓት በዚህ መንገድ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቁራጭ ሆኗል። አሁን ስሌቱን እንሥራ፦ አንድ ሚሊዮን ፍሬም፣ ለእያንዳንዱ 512 ቁጥር፣ ለእያንዳንዱ ቁጥር አራት ባይት። ድምሩ ሁለት ጊጋባይት ግድም ነው። 125 ቀን ቁጭ የሚያደርግ ቪዲዮ ለፍለጋ የሚሆን መልኩ ተራ ስልክ ላይ ይገባል ማለት ነው። ይህን ስሌት ባየሁት ቁጥር ይገርመኛል።

ከምስሉ ጎን ሌሎች መንገዶችም አሉ። ስክሪኑ ላይ የሚታይ ጽሑፍ፣ የሱቅ ታፔላም ሆነ የመኪና ሰሌዳ፣ ይነበባል። ንግግሩ ወደ ጽሑፍ ይለወጣል። አሜሪካ የሚገኘው የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ በ1994 በጀመረው ኢንፎርሚዲያ በተባለ ፕሮጀክት የቴሌቪዥን ዜናን በዚህ ዘዴ ሊፈለግ የሚችል አድርጎት ነበር፤ ለዜና ዛሬም ቢሆን ከምስሉ ይልቅ ንግግሩ ቶሎ ያደርሳል።

ይህ ሁሉ በእጅ እያለ አምስት ደቂቃ ለምን ያንሳል? ሰው የሚያስታውሰው ማሽኑ በሚፈልገው መልክ ስላልሆነ ነው። ሃያውን ሰከንድ ያየ ሰው «ጀልባ ነበር» ይላል። ክምችቱ ውስጥ ጀልባ በመቶዎች ይቆጠራል። ለዚህም ቡድኖቹ ጊዜን መጠየቂያ አደረጉት፦ መጀመሪያ ጀልባ፣ ጥቂት ቆይቶ የምትስቅ ሴት። ጀልባ ብቻውን ብዙ ነው፣ የምትስቅ ሴትም ብዙ ናት፤ በዚያ ቅደም ተከተል የመጡት ግን ጥቂት ናቸው። ሌሎች ንድፍ ያስስላሉ። ከፕራጉ ቻርልስ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ሶምሃንተር በ2020 ዴጆን ላይ ሲያሸንፍ የተጠቀመበት ዘዴ ደግሞ ጭውውት ይመስላል፤ ማሽኑ የተለያዩ ፍሬሞችን በሰሌዳ ዘርግቶ ያሳያል፣ ሰውየው «ይህ ይቀርበዋል» ብሎ ይነካል፣ ማሽኑ ግምቱን አስተካክሎ ሌላ ሰሌዳ ይዘረጋል። ፈላጊው የሚፈልገውን በቃል መግለጽ ባይችል እንኳ ሲያየው ማወቅ ይችላል፤ ሶምሃንተር የተማመነው በዚህ ችሎታ ላይ ነው።

የተሳሳተ መልስ መላክ ነጥብ ያስቀንሳል፤ ስለዚህ መቸኮልም መዘግየትም ያስከፍላል። ከጉባኤው ታዳሚ መሀል ሶፍትዌሩን አይተው የማያውቁ ሰዎች ተጠርተው የሚፈልጉበት ዙርም አለ። እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ዙር ነው፤ ሠሪው ብቻ የሚነዳው መሣሪያ እዚህ ይጋለጣል። በጣም ከባዱ ፈተና ግን ቪዲዮው ጨርሶ የማይታይበት ነው። የሚነበበው የአንድ ሰው ገለጻ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሰጣል፣ ደቂቃ ሲያልፍ ሌላ ይጨመራል። የጋዜጠኛን፣ የፖሊስን፣ የቤተሰብ ፎቶ የሚያገላብጥን ሰው ሥራ የሚመስለው ይህኛው ነው፤ አንድ ሰው ያየውን በቃል ነግሮን፣ እኛ ያላየነውን እንፈልጋለን።

አሁን ስለዚህ ማሽን ማንም ሊያውቀው ይገባል ወደምለው ነገር ልምጣ። ማሽኑ ሁልጊዜ መልስ አለው። የሚለካው ቅርበትን ነው፤ ቅርብ የሆነ ነገር ደግሞ ከየትኛውም ክምችት ውስጥ አይጠፋም። የተፈለገው ምስል ጨርሶ ባይኖር እንኳ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብሎ ደርድሮ ያቀርባል። «የለም» የሚለው፣ ወይም «ይህ እርሱ አይደለም» የሚለው ሰው ነው።

ይህ ሲዘነጋ ምን እንደሚደርስ በጥር 2020 በአሜሪካ ዲትሮይት አካባቢ ታይቷል። ከአንድ ሱቅ ሰዓቶች ተሰርቀው ነበር። ፖሊስ ከሱቁ ካሜራ የተገኘውን ደብዛዛ ምስል ከመንጃ ፈቃድ ፎቶዎች ክምችት ጋር አስተያየው፤ ፕሮግራሙም የሚቀርቡትን ፊቶች ደርድሮ አወጣ። ከፎቶዎቹ የአንዱ ባለቤት ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ ሚስቱና ትንንሽ ሴት ልጆቹ እያዩ በካቴና ታሰረ፤ 30 ሰዓት ገደማም በእስር ቆየ። ሰውየው ሌባው አልነበረም፤ ክሱም ተሰረዘ። በ2024 ከተማዋ ካሣ ለመክፈል ተስማማች፤ ፖሊስም በፊት ፍለጋ ውጤት ብቻ ተነስቶ ሰው ላለማሰር ደንቡን ቀየረ። ማሽኑ ያወጣው የቀረበ ፊት ነበር፤ እንደ ማስረጃ የወሰዱት ሰዎች ግን «የቀረበ» እና «ያው» አንድ አይደሉም ብሎ የሚያቆማቸው ሰው አልነበራቸውም።

ቅርበቱ ራሱ ደግሞ የሚለካው ማሽኑ ባየው ነገር ነው። በ2017 የጉግል ተመራማሪዎች ኢሜጅኔት ውስጥ ያሉ ምስሎች ከየት አገር እንደመጡ ፈተሹ። አገራቸው ሊታወቅ ከቻለው ውስጥ 45 በመቶ ያህሉ ከአሜሪካ ነበሩ። ቀጥለው በተመሳሳይ የምስል ክምችት የሠለጠነ ፕሮግራም የሙሽራ ፎቶ ከተለያዩ አገሮች አሳዩት። የአሜሪካና የአውስትራሊያ ሙሽሮችን በተሻለ አወቃቸው። የኢትዮጵያና የፓኪስታን ሙሽሮች ላይ ግን ልኬቱ ወረደ፤ ሙሽራ መሆናቸው ሁልጊዜ አልታየውም። በካባና በጥልፍ ያጌጠ ሙሽራ ከሚዜዎቹ ጋር ቆሞ «ሙሽራ» ተብሎ ሲፈለግ ከወረፋው መጨረሻ ይደረደራል ማለት ነው። ስለ አንድ ፎቶ መጥፋት ብቻ አይደለም የማወራው። በምስል ፍለጋ ዓለም ከወረፋው መጨረሻ ያለ ነገር እንደሌለ ይቆጠራል፤ አሥረኛውን ገጽ የሚከፍት የለም።

ክፍተቱን ለማጥበብ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። በ2024 ይፋ የሆነው ሲቪኪውኤ የተባለ ክምችት ከ30 አገሮች በ31 ቋንቋዎች፣ የየአገሩ ሰዎች ራሳቸው ስለ ባህላቸው ምስሎች ያዘጋጇቸውን ጥያቄዎች የያዘ ነው፤ አማርኛና ኦሮምኛ አሉበት። ጉግል በ2020 ያወጣው ላብሴ የተባለው የቋንቋ ሞዴል ደግሞ 109 ቋንቋዎችን ወደ አንድ ዓይነት የቁጥር ረድፍ ይለውጣል፤ አማርኛ ከእነዚህ አንዱ ነው። በሌላ አነጋገር «ጥቁር ፈረስ» የሚለው የአማርኛ ጥያቄ ከእንግሊዝኛው ጎን የሚያርፍበት መንገድ ተከፍቷል።

ፈረሱን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ፈረሰኛ ቅዱሳን ብዙ ናቸው። ለክሊፕ ዓይነት ማሽን ሁሉም «ጦር የያዘ ሰው በፈረስ ላይ» ነው፤ ሁሉንም አንድ ተራ ያሰፍራቸዋል። ሥዕል ያየ ምዕመን ግን አይሳሳትም። ነጭ ፈረስ ላይ ሆኖ ደራጎኑን የሚወጋው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ጥቁር ፈረስ ላይ ያለው፣ ከፈረሱ ግርጌ ከሐዲው ንጉሥ ኡልያኖስ የወደቀለት ቅዱስ መርቆሬዎስ ነው። እዚህ ላይ የ1990ዎቹ የቀለም ቆጠራ፣ ያ ቲማቲምና ፀሐይ ያምታታው ዘዴ እንኳ ይጠቅም ነበር፤ ነጩን ከጥቁሩ ይለያል። የወደቀው ማን እንደሆነ ለመናገር ግን ገድሉን የሰማ ሰው ያስፈልጋል።

እንዲህ ያሉ ሰዎች የደከሙባቸው ክምችቶች አሉ። በካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ማይክል ገርቨርስና የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪዋ ኤቫ ባሊትስካ ቪታኮፍስካ ያቋቋሙት «መዝገበ ሥዕላት» በየገዳሙና በየደብሩ የተነሱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ሥዕልና ቅርስ ፎቶዎችን ይዟል። ሚኒሶታ ውስጥ ኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል ቤተ መዛግብት ደግሞ ከ1973 ጀምሮ በኢትዮጵያ በማይክሮፊልም የተነሱ ወደ 9,000 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት ቅጂዎች አሉ። እነዚህን አንብበው በሺዎች የሚቆጠሩትን በካታሎግ የዘረዘሩት በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። አንድ ተመራማሪ ዛሬ ኮምፒውተሩ ላይ የአንድ ቅዱስ ስም ጽፎ የሚፈልገው ድርሳን ሲወጣለት፣ ከውጤቱ ጀርባ ያለው ዕድሜ ልክ ቁጭ ብሎ የተነበበ ብራና ነው። ምንም ዓይነት የነርቭ መረብ ያንን ንባብ አልተካም።

ሁለቱ ክምችቶች በአብዛኛው የተገለጹት በእንግሊዝኛ ነው፤ ለዓለም ምሁራን እንዲደርሱ ታስቦ ነውና ትክክል ነበር። ዛሬ ግን ሌላ ዕድል ተፈጥሯል። ክሊፕን የመሰለ ሞዴል እንደገና ከባዶ ማሠልጠን አያስፈልግም፤ በጥቂት ሺህ ምስሎችና በጥንቃቄ በተጻፈ መግለጫቸው ለአንድ ሙያ ማስተካከል ይቻላል። ጥቂት ሺህ ማለት አንድ የአብነት ትምህርት ያለው ሰው፣ አንድ የሥዕል ታሪክ ያጠና ሰውና አንድ ፕሮግራመር ተቀናጅተው የሚደርሱበት ቁጥር ነው። ለእያንዳንዱ ሥዕል የሚጻፈው ሁለት መስመር አማርኛ ነው፦ ቅዱሱ ማን እንደሆነ፣ የፈረሱ ቀለም፣ ከግርጌው ማን እንደወደቀ፣ ሥዕሉ የየትኛው ደብር እንደሆነ።